ወፍ ፍለጋ ወደ ቁይ

እኛ የሳይንት ሰዎች አባይን የምናውቀው ከላይ ነው። አፋፍ ላይ ቆመን «ያ ማዶ ጎጃም ነው» ብለን ለልጆቻችን በጣት አሳይተን ወደ ቤታችን እንመለሳለን። ይህን ከምታነቡት ብዙዎቻችሁ ዕድሜ ልካችሁን አትሻገሩትም፤ አልፈርድባችሁም። እኔም በጣሊያን ዘመን ሸንጎው ባይልከኝ ኖሮ ከነጉልበቴ ሕመም እዚያ ገደል ውስጥ ምን ያስገባኝ ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። በአባይ ወዲህና ወዲያ ያሉ የአርበኛ አለቆች እርስ በርስ ሲጠራጠሩ፣ አልፎ ተርፎም ሲታኮሱ፣ ጠባቸውን ወደ አንድ ሸንጎ ሊያመጡ በወንጌል ተማማሉ። ሸንጎው የሚቀመጠው ጣሊያን ባልደረሰበት በእኛ አገር ነበር። በዚያ ዓመት መኸር ሲቃረብ የጉንደ ወይኑ አለቃ ግራዝማች ጓንጉል ክስ ላኩ። «የቁዩ ፊታውራሪ ደምለው ከድቷል። ከደብረ ማርቆስ የወጣ የጣሊያን ስንቅ፣ ባንዳው እየዘፈነ፣ በጠራራ ፀሐይ ከእግሩ ሥር ሲያልፍ አንዲት ጥይት አልተኮሰም» የሚል ነው። ሸንጎው ክሱን እውነት ነው ካለ ፊታውራሪ ደምለው ባንዳ ተብለው ይታወጅባቸዋል፤ ደማቸውም መሬታቸውም ላገኘው ይሆናል፤ ግራዝማችም ጦራቸውን ይዘው ይዘምቱባቸዋል። ያን ጊዜ የሚቃጠለው የፊታውራሪው ቤት ብቻ አይደለም፤ የቁይ ገበሬ ጎተራም ነው።

አጣሪ ይላክ ተባለ። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይላል ያገሬ ሰው፤ ሸንጎው ግን ሆን ብሎ ተቃራኒውን አደረገና በጎጃም አንድም ዘመድ የሌለው ሰው ፈለገ። እኔ ድሮ በዳኛ ፊት ሙግት እየጻፍሁ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ አማችም፣ አበልጅም፣ ባለ ደምም እዚያ የለኝም። ዕጣው እኔ ላይ ወደቀ።

ሰኞ

ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ሚስቴ ጥሩነሽ በሶ ቋጠረችልኝ። የሸንጎው አባልና የንስሐ አባቴ መምሬ ገብሬ እስከ አፋፉ ሸኝተውኝ በመስቀላቸው ባረኩኝ። «የሰማኸውን ሁሉ ሳትጨምር ሳትቀንስ አምጣ» አሉኝ። እሺ ብዬ መስቀሉን ተሳለምሁ። እንዲህ ያለ ቃል መስጠት ምን ቀላል ነው!

ቁልቁለቱን ቀኑን ሙሉ ወረድሁ። እኛ ደጋ ጋቢ ያንሳል፤ እዚያ ታች ነጠላም ይበዛል። ወንዙ ዳር ስንደርስ በቅሎዬ ውሃውን አየችና ፊቷን አዞረች። ጎትተን፣ ገፍተን፣ ለምነን አልሆነም። ከእኔ የተሻለ አእምሮ እንዳላት አምኜ እስከ ወንዙ ከሸኘኝ ጎረቤቴ ጋር ወደ ቤቷ መለስኋት። እኔን ግን የሚመልሰኝ አልነበረም። ዋናተኞቹ በተነፋ ስልቻ ላይ በደረቴ አስተኝተው፣ አንዱ ከፊት እየጎተተ ሌላው ከኋላ እየገፋ አሻገሩኝ። አባይን ያላየ ምንጭ ያመሰግናል የሚባለውን ያን ቀን በአፌም በአፍንጫዬም ቀመስሁት።

ማዶ የጠበቀኝ ይግዛው የሚባል የመርጡለ ማርያም ሰው ነበር፤ ሸንጎው መንገድ መሪ አድርጎ የሰጠኝ። የስንቄን ቋጠሮ ስፈታ በሶው በወንዙ ውሃ ተለውሶ ሊጥ ሆኗል። ይግዛው ሳቁን መያዝ አቃተው። ከዚያ ግን እንዳላፍር ብሎ ነው መሰል፣ ያን ጭቃ በጣቱ እየዘገነ «ይጣፍጣል እኮ ጌታዬ፣ ውሃ መለመን ቀረልን» እያለ አብሮኝ በላ። በዚያ መንገድ እንዲህ እየሳቅሁ ከሰው ጋር ከአንድ ዕቃ የበላሁት ያኔ ብቻ ነው።

ማክሰኞ

የጎጃምን አፋፍ ወጥተን ማታውኑ መርጡለ ማርያም ገባን። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የጥንት ግንብ ብዙ ሰው ብዙ ብሏል። እኔ የማስታውሰው ያሳደሩኝ መሪጌታ ልሳኑ እግሬን ያጠቡበትን ለብ ያለ ውሃ ነው። ደቀ መዝሙር ሞልቷቸው እያለ ራሳቸው ዝቅ ብለው አጠቡኝ። ያበጠውን ጉልበቴን ሲያዩ «ይህን ጉልበት ይዞ መንገድ! ሳይንት ሌላ ሰው የለም?» አሉ። እኛ አገር እንግዳ አስቀድሞ ዘሩንና የመጣበትን ይጠየቃል፤ መሪጌታ ግን አጥበው፣ አብልተው፣ ምድጃው አጠገብ አጎዛ አንጥፈው እስካስተኙኝ ድረስ አንድ ነገር አልጠየቁኝም።

የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ስለ ፊታውራሪ ደምለው ምን ሰምተዋል አልኋቸው።

«ጌታዬ» አሉ እሳቱን እየቆሰቆሱ፣ «እኛ ቤት እንግዳ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይተኛል። የሰው ደም ያለበትን ነገር ግን በዚህ ጎጆ አንፈታም። እግዜር ያሳይዎ።»

ከዚያ ወዲያ ጨዋታችን ሞተ። ደቀ መዛሙርቱም ድምፃቸውን ቀነሱ።

ረቡዕ

መሪጌታ በቅሎ አዋሱኝ። የጎጃም በቅሎ ለምለም ሣር ለምዳ ትጠግባለች፤ የእኛይቱ ከድንጋይ ሥር ፈልጋ የምትበላ ስለሆነች ትሕትና አላት። ይህቺኛዋ ደብረ ወርቅን ሳናልፍ አንዲት ድርጭት ፍር ስትል ደነገጠችና ገብስ ማሳ ውስጥ ጣለችኝ። የሚያጭዱት ሰዎች ማጭዳቸውን ጥለው ሮጡ፤ አነሡኝ፣ አቧራዬን አራገፉ፣ ቤታቸው አድር ብለው ያዙኝ። ቢቸና የጣሊያን ሰፈር ስላለ ከዋናው መንገድ መራቅ ነበረብን፤ ስለዚህ እሺ አልሁ።

ባለቤቱ ጨዋታ አዋቂ ነበር። አወዳደቄን እያስመሰለ ቤተሰቡን ሲያስቅ፣ እኔም በራሴ ስስቅ፣ ከሳይንት የወጣሁ መሆኔን ረሳሁት። ኋላ ይግዛው ማን እንደሆንሁ በጆሮው ነገረው። ሰውየው ወዲያው ተነሥቶ መቀመጫውን ለቀቀልኝ፤ «አንተ» ሲለኝ የነበረው «እርስዎ» አለኝ፤ ሚስቱ ልጆቹን ወደ ጓዳ ሰበሰበች። ራቱ በሰዓቱ መጣ፣ ጠላውም እንደ ልብ ነበር። የሚያጫውተኝ ግን አጣሁ። ሰው መሐል ተቀምጦ ሰው መራብ እንዴት እንደሚያንገበግብ ያን ማታ አወቅሁ።

ሐሙስ

ቁይ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ለቅሶ አገኘን። የፊታውራሪው ታጣቂ ነው የሞተው፤ በቁስል ብዙ ቀን ማቅቆ። በለቅሶ አጠገብ ዝም ብሎ ማለፍ የትም ነውር ነውና ወርጄ ቆምሁ።

የሟቹ ጓደኞች በሰልፍ መጡ። ሁሉም ጠመንጃ ይዘዋል፤ ወገባቸውን የታጠቁት ዝናር ጢም ብሎ በጥይት ተሞልቷል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ያብረቀርቃል። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ሁለት ሦስት ሳይተኮስለት አፈር አይለብስም፤ ጥይት ከልጅ በሚወደድበት በዚያ ዘመን እንኳን አይቀርም ነበር። ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ አንድም የተኮሰ የለም። ፎከሩ፣ ጠመንጃቸውን ዘቅዝቀው አለቀሱ፣ ቀበሩት፤ በቃ። እኅቱ ደረቷን እየደቃች እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

አልቅሽለት አፋፍ፣ አልቅስለት ዱር፣
ያለ ጥይት ድምፅ የሚሄድ ወንድ ነበር?

ታጣቂዎቹ አንገታቸውን ደፉ። እኔም በልቤ ጻፍሁት፦ ጥይት ሞልቷቸው ለጓዳቸው አልተኮሱም፤ ጥይት ሞልቷቸው ለጣሊያንም አልተኮሱም። የተሸጠ ሰው ጠባይ ይህ ነው አልሁ። እውነቱን ለመናገር ተናደድሁ፤ ለማላውቀው ሟችም አነባሁለት።

ቁይ ስንደርስ የአገሩ ጭቃ ሹም አቶ አያሌው በሹማምንት ወግ ተቀበሉኝ። አገሬውን ሰብስቤ ነገሩን በአውጫጭኝ ላጣራ እንደመጣሁ ስነግራቸው ወደ አንድ አውድማ ወሰዱኝ። ከዳር የአዝመራ ጠባቂ የሚያድርባት ትንሽ ጎጆ አለች።

«እዚህ ያድራሉ» አሉኝ። «በእኛ ደንብ የአውጫጭኝ ጆሮ፣ ሰሚው ማለት ነው፣ ከማንም ቤት አያድርም፣ ከማንም ጋር አይቆርስም። ካደረ ‹የእገሌ ጆሮ ነው› ይባላል። አይቀየሙን።»

ደንቡ መልካም እንደሆነ ገባኝ፤ የተሠራው ግን ለጆሮው እንጂ ለሰውየው አይደለም። ማታ አንዲት ሴት በእርጎ የራሰ እንጀራ ከደጄ አስቀምጣ፣ እጅ ነሥታ፣ ፊቷን አዙራ ሄደች። እንዲያ ያለ እርጎ ሳይንት የለም፤ ቢሆንም አልወርድልህ አለኝ። ከመንደሩ ሳቅ ይሰማል፤ አንዱ ቤት ክራር ይመታል። ጥሩነሽ ናፈቀችኝ። በቅሎዬም ሳትቀር ናፈቀችኝ።

ዓርብ

ጠዋት የጎጆዬን በር የሚያንኳኳ ሰው መጣ። እንድሪስ ይባላል፤ የቁይ ጨው ነጋዴ ነው። «አንተ የሳይንት ሰው! ሰላም ነህ ወይ ወንድሜ?» ሲለኝ የወሎን ቃና ሰማሁና ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለካ የጎረቤታችን የወሎ ቦረና ተወላጅ ኖሯል። ደንቡ እንዳይዘው ፈራሁለት።

«እኔን ማን ይከለክለኛል?» አለ እየሳቀ። «አንተ ክርስቲያን እኔ እስላም፤ ድሮም አንድ ላይ የምንበላ ሰዎች አይደለን። ደንቡ እኔ ላይ አይሠራም።»

ትኩስ ወተት ይዞልኝ ነበር። እጄን አለመዘርጋቴን ሲያይ ግንባሩን መታ። «አፉ በለኝ! ጁምዓ መሆኑን አስታውሼ ጾምህን ረሳሁት!» ብሎ ወተቱን ይዞ ሮጠና በማር ለውጦ ተመለሰ። ስለ ሳይንት ጠየቀኝ፤ ስለ ወንዙ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ጤፉ። ጥቂት ቆይቶ ስለ ስንቁ ነገር ጠየቅሁት። እሱ ለንግድ ደብረ ማርቆስ ድረስ ይወጣል፣ ይገባል።

ሳቁ ቀረ። «ወንድሜ፣ እኔ በሁለት ጠመንጃ መሐል ጨው የምሸጥ ሰው ነኝ» አለኝ። «ዝም አይነቅዝም። ማርህን ብላ።»

ከዚያ ይግዛውን አስከትዬ ወደ ፊታውራሪ ደምለው ሰፈር ወጣሁ። የጮቄ ግርጌ ነው፤ ጅባራው ከጉም ውስጥ እንደ ዘበኛ ቆሟል፤ ብርዱ አጥንት ይገባል። ጉሙ ገለጥ ሲል ከተራራው ትከሻ ላይ ሲያዩ ከሩቅ የደብረ ማርቆስ ቆርቆሮ ያብለጨልጫል። ታጣቂዎቹ እንደዚያ ዝናራቸው ሞልቶ ተሰልፈው ተቀበሉኝ። ፊታውራሪው አጠር ያሉ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ለክስ የመጣን ሰው አመቻችቶ የማያስቀምጥ አለቃ ብዙ አይቻለሁ፤ እሳቸው ግን ከእሳቱ ዳር የሚሻለውን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ።

«ስንቁ ሲያልፍ አላየሁም አልልህም» አሉኝ ሳልጠይቃቸው። «አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልተኮሱም?»

«አልተኮስንም።»

«ፊታውራሪ፣ ሸንጎው ምክንያት ይፈልጋል።»

«ሸንጎው የሚፈልገው ከሾላ ጥላ ሥር ተቀምጦ ነው» አሉ። «ጣሊያን ከፊቴ ነው፤ ግራዝማች ከጎኔ ነው፤ አንተ ደግሞ ከኋላዬ መጣህ። ለየትኛችሁ ልዙር?»

የትላንቱን ለቅሶ አነሣሁባቸው። ለሞተ ጓዳችሁ አንዲት ጥይት የነፈጋችሁ ሰዎች ናችሁ አልኋቸው። ፊታቸው ተለወጠ። ልወርድ ስነሣ ብርዱን አይተው የራሳቸውን ጋቢ ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝ። እንቢ ለማለት አፈርሁና ለበስሁት። እስከ ቁይ ድረስ የምፈርድበት ሰው ጋቢ እያሞቀኝ ወረድሁ፤ በልቤ ግን ፈርጄ ጨርሻለሁ።

ቅዳሜ

አውጫጭኝ በየአገሩ ደንቡ ይለያያል፤ የቁይን ልንገራችሁ። አገሬው ሁሉ፣ ባለ ርስቱም ጭሰኛውም፣ ሴቱም ወንዱም፣ አንድ ሜዳ ላይ ይወጣል። እውነቱን የሚናገር እስኪገኝ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ተናጋሪው «ወፍ» ይባላል። ሁሉም በተራ ከመጋረጃ ጀርባ ወደ ተቀመጠው ሰሚ እየገባ በጆሮው ይናገራል፤ የሚያውቅም የማያውቅም ይገባል፤ ስለዚህ ወፉ ማን እንደሆነ ከሰሚው በቀር አይታወቅም። ሰሚው ወጥቶ «ወፍ ተናግሯል» ካለ ነገሩ አለቀ። የወፉን ስም ማውጣት እስከ ዘር ማንዘር የሚተርፍ ነውር ነው።

ጋቢ በሁለት እንጨት ተወጥሮ ተጋረደልኝ። ሰው ከጠዋት ጀምሮ ይገባ ጀመር። ገብሱ ታጭዶ ሜዳ ላይ ነው፤ ሰማዩ ደግሞ ያለ ወራቱ ጠቁሯል፤ ዝናብ ቢመጣ የዓመት ጉልበት መበስበሱ ነው። ያም ሆኖ የሚናገር የለም። አንዱ «ወፍ የለኝም» ይለኛል። አንዱ ስለ ጠፋ በሬው ያወራኛል። አንዲት ሴት ባሏ እንደሚመታት ነገረችኝና «ይህን እንኳ ለሰው ተናግሬ ይውጣልኝ ብዬ ነው» አለችኝ። አንድ ሽማግሌ ብዙ ቆይቶ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «ያን ጉልበት ቅቤ አሽተህ በቆዳ እሰረው» ብሎኝ ወጣ።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስታዘነብል፣ አንድ ጋቢ የተከናነበ ገበሬ ገብቶ ቁጢጥ አለ። ክንብንቡን ገለጥ ሲያደርግ ፊታውራሪ ደምለው ናቸው። ተከሳሽ በአውጫጭኝ መግባቱን ሰምቼ አላውቅም። ከሕዝቡ ጋር ተሰልፈው ተራቸውን ጠብቀው ነው የገቡት።

«ወፉ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ከጋቢያቸው ሥር አንዲት ጥይት አውጥተው መዳፌ ላይ አኖሯት። «ንከሳት» አሉ። ከብረት የቀለለች መሆኗን እጄ አስቀድሞ አወቀ። ጥርሴ ሰመጠባት። ከወይራ ተጠርባ፣ በእርድ ተነክራ፣ በሰም ታሽታለች።

«የሁሉም ዝናር ይኸው ነው» አሉ። «ካምና ጀምሮ ጥይት የለንም። አምስት ስድስት ፍሬ ብትገኝ ነው፤ እሷንም ለመጨረሻው ቀን አስቀምጫታለሁ። ያን ቀን ብንተኩስ ሁለተኛ የምንተኩሰው የለንም፤ ባንዳውም ይህን አውቆ በማግሥቱ ይመጣል። ዝናራችንን አይቶ ነው እንጂ ሰው የሚፈራን፣ ደብረ ማርቆስ ያለውም፣ ጉንደ ወይን ያሉትም።»

ወደ እሳቸው ጠጋ አልሁ። «ይህን ማን ያውቃል?»

«ጠራቢውና ታጣቂዎቼ። ሚስቶቻቸው አያውቁም። ሐሙስ የቀበርነው ልጅ የወንድሜ ልጅ ነው። እናቱ አልተኮስህለትም ብላ እስከ ዛሬ ፊት አትሰጠኝም፤ እሷም አታውቅም።»

ለሸንጎው ብናገር እኮ ይነጻሉ አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሸንጎ ብዙ አፍ አለው። ባንዳ ቢሉኝ ግራዝማች ይመጣሉ፤ ግን ዝናሬን አይተው ከወሰናችን ወንዝ ማዶ ይቆማሉ። ባዶ መሆኔን ከሰሙ አይቆሙም፤ ጣሊያንም አይቆምም። ስለዚህ ከፈለግህ ባንዳ በለኝ። ባዶ ነው ብቻ አትበለኝ።»

ጥይቷን ከእጄ ወስደው ተከናነቡና እንደ ማንኛውም ገበሬ ወጡ። ከእሳቸው በኋላ የገባው ሰው ያለኝን አልሰማሁትም። የሐሙስ ንዴቴ፣ የዓርብ ንግግሬ ሁሉ ተራ በተራ መጥቶ ፊቴን አቃጠለኝ። ተነሥቼ ወጣሁና «ወፍ ተናግሯል! ወደ አዝመራችሁ ሂዱ!» አልሁ። ሰዉ ሁሉ ወደ ማሳው ሮጠ። ከሮጡት መሐል ተከናንበው አብረው የሚሮጡትን ፊታውራሪ በዓይኔ ብፈልግ ለየሁ ማለት አልችልም።

መልሱ

ወደ አባይ ስንመለስ ይግዛው «ጌታዬ፣ ወፉ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። መንገዴን ቀጠልሁ። እንደገና አልጠየቀም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር እንጂ አጠገቤ አልሄደም። ረቡዕ ያሳደረን ገበሬ ቤት በአጥር ላይ ሰላም ተባብለን አለፍን። ሰው ከአውጫጭኝ የሚመለስን ሰው ይፈራል፤ የማን ስም ሆዱ ውስጥ እንዳለ አይታወቅማ። መሪጌታ ልሳኑ ብቻ እንደ ፊተኛው እግሬን አጠቡኝ። «የማይነገር ይዘህ መጥተሃል፤ ሆድ ይፍጀው» አሉኝ። «ራትህን ግን በሰላም ብላ።» ይህች ቃላቸው ከሁሉ ስንቅ በልጣ አባይን አሻገረችኝ።

ሸንጎው ተሰብስቦ ጠበቀኝ። የግራዝማች ጓንጉል መልእክተኛም ፍርዱን ይዞ ሊሄድ ቀድሞኝ መጥቷል። ተነሥቼ «ወፍ ነግሮኛል፤ ፊታውራሪ ደምለው አልከዱም። ምክንያቱን ልናገር አልችልም፤ በራሴ ዋስ ነኝ» አልሁ።

ሸንጎው ተንጫጫ። «የጎጃም ማር ጣፈጠችህ!» ያለኝ አለ። ከእኔ ጋር ያደገ ሰው ነው እንዲህ ያለኝ። መምሬ ገብሬ ለብቻዬ ወደ ዳር ወሰዱኝ።

«ልጄ፣ የንስሐ አባትህ ነኝ» አሉኝ። «ለእኔ በጆሮዬ ንገረኝ። እኔ ‹ሰምቻለሁ፣ በቂ ነው› ብላቸው ያምኑኛል። አንተም ትድናለህ፣ ሰውየውም ይድናል።»

እንዴት ያለ የቀና ምክር ነበር! ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ፊታውራሪ «ባዶ ነው ብቻ አትበለኝ» ሲሉኝ ለእገሌ ይነገር ብለው አልለዩልኝም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። «አባቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልሁ። ፊታቸው ጠቆረ። ወደ ሸንጎው ተመልሰው መስቀላቸውን አንሥተው፣ «የሰማኸውን እስክትናገር ድረስ የተገዘትህ ሁን!» አሉኝ።

ምስክር የታጣበት ክስ ነውና አዋጁ አልወጣም። መልእክተኛው ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ግራዝማችም አልዘመቱም። እኔ ግን የተገዘትሁ ሰው ሆንሁ። ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውጭ ቆሜ ቅዳሴ እሰማለሁ፤ ለቅሶ ብደርስ ሰው ይሸሸኛል፤ ሰላምታዬ መንገድ ላይ ይቀራል። ጥሩነሽ የእኔን ለብቻ አቅርባልኝ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ከአጠገቤ ትቀመጥ ነበር። የተገዘተ ነኝና አብራኝ አልበላችም፤ ብቻዬንም አልተወችኝም። አንድ ቀን «ለእኔስ?» አለችኝ። ለእሷም አልነገርኋት። ያን ቀን ያለቀሰችው ዛሬም ይቆጨኛል።

ጣሊያን ከደብረ ማርቆስ የወጣ ጊዜ ይግዛው አባይን ተሻግሮ መጣና የአገሩን ወሬ ነገረኝ። ከሱዳን በኩል ጥይት ደርሷቸው የፊታውራሪው ሰዎች በመጨረሻው ዘመቻ ብዙ ሠርተዋል። ፊታውራሪ ደምለው ግን በዚያው ዘመቻ ወድቀዋል። እኔ መገዘቴን ሳይሰሙ ነው የሞቱት። የቁይ ሰው ዝናር ከዚህ ወዲያ ማንንም ማስፈራት አያስፈልገውም፤ እንግዲህ አፌ ተፈታ ማለት ነው። ለጥሩነሽ ነገርኋት፤ ነጠላዋን ለብሳ ወደ መምሬ ገብሬ ቤት ይዛኝ ሄደች።

አርጅተዋል፤ ከደጃቸው ፀሐይ ይሞቁ ነበር። «አባቴ፣ የሰማሁትን ልናገር መጣሁ» አልኋቸው።

«ተናገር።»

«ጥይት አልነበራቸውም። ዝናሩ እንጨት ነበር።»

«ይህችን ነው?» አሉ።

«ይህችን ነው።»

«የግራዝማች መልእክተኛ ያን ሰሞን እኔ ቤት ነበር ያደረው» አሉኝ። «ጨዋታው ደስ ይለኝ ነበር፤ ማታ ማታ ሁሉን ነገር እንጫወት ነበር። ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ... እኔ ራሴን አውቃለሁ፤ ለእሱ ሳልነግረው አላድርም ነበር።»

ሊፈቱኝ መስቀላቸውን አነሡ። ግን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አኖሩት።

«ቆይ» አሉ፣ «መጀመሪያ አንተ ይቅር በለኝ።»